ሰላም ሳንባባል የተቀመጥንበት ሐይቅ

የሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ልጄ ሳባ ጋራዡን ላጽዳ ብላ ተነሣች። እኔና እናቷ ከኦክላንድ ለቀን ሳን ሆዜ እሷ ቤት ከገባን ጀምሮ ያ ጋራዥ መኪና ገብቶበት አያውቅም፤ የሞላው የእኛ ዕቃ ነው። እኔ ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥቼ ፀሐይ እየሞቅሁ "ይሄ ይቀመጥ፣ ያ ይጣል" እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ይጣል ያልኩት አንዲት የተሰበረች ጃንጥላ ብቻ ናት። ሳባ ከጥግ አንድ አረንጓዴ የፕላስቲክ ሣጥን ጎትታ አወጣችና ክዳኑን ከፈት ከማድረጓ መልሳ ከደነችው። "ኦ ማይ ጋድ፣ ዳዲ! ምንድነው የሞተው እዚህ ውስጥ?" አለች አፍንጫዋን ይዛ። ምንም የሞተ የለም አልኳት። ነጭ ሽንኩርት ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ የዛገ ብረት፣ ትንሽም የዓሣ ሽታ፣ ተዘግቶበት የከረመ። እሷ አፍንጫዋን ስትይዝ እኔ ወንበሬን ይዤ ወደ ሣጥኑ ተጠጋሁ።

ከሣጥኑ በላይ ግድግዳው ላይ መረቡ ተሰቅሏል። ክብ አፍ ያለው፣ እጀታው የእንጨት የሆነ፣ ውኃ ዳር የደረሰውን ዓሣ ከሥር የሚያፍሱበት ዓይነት ነው። አንድ ጎኑ ተቀዶ በቡናማ የጫማ ክር ተተብትቧል። "ይሄስ? ኢትስ ብሮክን" አለች። "እሱ አይነካ፤ ሰኞ እፈልገዋለሁ" አልኳት። ሳባ የያዘችውን መጥረጊያ ግድግዳ አስደገፈችና እንደ ሕፃን ልታባብለኝ ጎንበስ አለች። "ዳዲ፣ ጋሽ ንጉሤ ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ አንዴ እንኳ ኮል አድርጎልሃል? ስልክ ስትደውልለት ያነሣል?" አላነሣም። ዳሌውን ሰርጀሪ ካደረገ ወዲህ እኔ እደውላለሁ፣ ስልኩ ይጮኻል፣ ከዚያ የማላውቃት ሴት በእንግሊዝኛ መልእክት ተዉ ትለኛለች። እኔ ደግሞ ለማሽን ምን እንደሚባል እስከ ዛሬ አልገባኝም። "ቢሆንም ሰኞ ነው" አልኳት። የሕማማት ሰኞ እኔና ንጉሤ ሐይቅ ዳር የማንገኝበት ዓመት የለም። እንዴት እንደተጀመረ ሳባ አታውቅም። ያን ጊዜ የጫማዋን ክር ማሰር ገና አልለመደችም ነበር።

እኔ ያኔ ዳውንታውን ኦክላንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንጻ ሥር ባለች የመስታወት ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ቲኬት እቀበላለሁ፣ መልስ እሰጣለሁ፣ የመውጫው በትር ከፍ ይላል፣ መኪናው ይወጣል። የሰጡኝ ሰማያዊ ጃኬት ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ጃኬት ነበርና ደረቱ ላይ "ሬይ" የሚል ስም ተጠልፎበታል። ስሙን ፍታው ያለኝ የለም፣ እኔም አልፈታሁትም፤ ስንት ዓመት "ጉድ ሞርኒንግ ሬይ" ሲሉኝ "ጉድ ሞርኒንግ" እያልኩ ኖርኩ። ጥጉ ላይ አንዲት የዶናት ቤት ነበረች፤ በኪስ ውስጥ በተረሳ ሳንቲም ቡናና ዶናት ይገኝባት ነበር። አሁን በዚያው ጥግ ሳባ አንድ ጊዜ ቡና ጋብዛኝ ዋጋውን ሳይ እንዲቀዘቅዝብኝ እንኳ ፈርቼ ነው የጠጣሁት። ስልክ በየሰዉ ኪስ አልነበረም። ባለ ታክሲዎቹ ቀበቷቸው ላይ ቢፐር ይሰኩ ነበር፤ ጢጥ ጢጥ ሲል አደባባይ ላይ ወዳለው የሕዝብ ስልክ ይሮጣሉ።

ንጉሤን ያገኘሁት እዚያች መስታወት ውስጥ ተቀምጬ ነው። ቡናማ የቆዳ ጃኬት፣ ኮሌታው የአሞራ ክንፍ የሚያህል፣ ጸጉሩ ወደ ላይ ተበጥሮ የቆመ። ታክሲውን መውጫው ላይ አቁሞ መስታወቱን በጣቱ ቆረቆረ።

"ሐበሻ ነህ?"

"ነኝ።"

"ታዲያ ምን ታፈጣለህ? ሰላም አይባልም?"

እንዲህ ነበር ሰውዬው። ሰላምታ ካልሰጡት የተሰደበ ይመስለዋል። መብራት ላይ ሲቆም በጎን ያለውን ሾፌር፣ ባንክ ሲገባ ጥበቃውን፣ ማንንም ሳይጠይቅ አያልፍም። ታክሲው ውስጥ ካሴቶቹ በጫማ ሣጥን ተደርድረዋል፤ ክሩ የተላላበትን በእርሳስ እያጠነጠነ፣ ክራሩ ሲጀምር "ጸጥ በል፣ ይሄን ስማ" ይለኛል። ጸጥ የማይለው ግን እሱ ራሱ ነው። ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ከአንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ብቻውን ይኖር ነበር። ሚስትም ልጅም አልነበረውም፤ ለምን ብዬ ጠይቄው አላውቅም። ሳንዋዋል የበዓል ቤቱ እኛ ቤት ሆነ። ባለቤቴ አሰለፈች "ንጉሤ መጣ?" ሳትል እንጀራ አትዘረጋም ነበር።

ዓሣ የጀመርነው በአንድ የበጋ እሑድ ነው። ሳባን ይዘን ተመስካል የሚባለው ሐይቅ ሄደን፣ ኮረብታው ሥር፣ ከሀይዌዩ ጎን፣ ሣሩ ላይ ተቀምጠናል። አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ባልዲ ገልብጠው ተቀምጠው፣ የገለባ ባርኔጣቸውን ዓይናቸው ላይ ደፍተው፣ እያከታተሉ ትንንሽ ዓሣ ያወጣሉ። ንጉሤ አየና "ይሄ ዓሣ ነው? ዝዋይ ብትሄድ ይሄን ለዓሣው ነው የሚያበሉት" አለ። ንጉሤ ስለ ዓሣ የማያውቀው ነገር አልነበረም፣ በአፍ። ዝዋይ አንድ ጊዜ ለጉብኝት ሄዶ የተጠበሰ በልቷል፤ በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ዓሣ አጥማጅ ነኝ ብሎ ቀረ። በሚቀጥለው እሑድ ሁለት ዘንግ፣ ጣት የሚያህል መንጠቆና ከሥጋ ቤት የገዛውን ቀይ ሥጋ ይዞ መጣ። ውኃው ላይ ጣልነው። ፀሐይዋ ከአንዱ ኮረብታ ወደ ሌላው ተሻገረች፣ ሳባ ሁለቴ ተኝታ ተነሣች፣ ሥጋው ነጥቶ ወጣ። የነካው የለም።

ሽማግሌው መጨረሻ ላይ አላስቻላቸውም። ስማቸው ሚስተር ዊሊ ነው፤ ከሉዊዚያና በልጅነታቸው የመጡ፣ የመርከብ ወደቡ ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ። መጡና መንጠቆውን በሁለት ጣት አንሥተው አዩት። "ልጆች፣ አዞ ነው የምትጠብቁት?" አሉን። ንጉሤ ወዲያው፣ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛችን፣ "አዞማ አገራችን ሞልቷል፣ እዚህ ድረስ ምን አመጣን" አላቸው። ሳቁ፤ ሲስቁ ባልዲው አብሮ ይንቀጠቀጣል። ከሣጥናቸው የገብስ ፍሬ የምታህል መንጠቆ አወጡ፣ ከላይዋ የእንኮይ ያህል፣ ውኃ ላይ የምትንሳፈፍ ቀይና ነጭ ኳስ አሰሩ፣ ከትሉም ቁራጭ ብቻ፣ የጥፍር ያህል። "ይሄ ብሉጊል አፉ ትንሽ ነው። ኳሷ ስትንቀጠቀጥ ዝም በሉ። ስትጠልቅ ብቻ ሳቡ" አሉን። ሩቅም አያስጥሉም፤ እዚያው ሸምበቆው ሥር፣ ጥላው ያለበት። እኛ ዓሣ ከሩቅ፣ ከጥልቁ ይመጣል ብለን ነበር ክንዳችን እስኪገነጠል የወረወርነው። ለካ እግራችን ሥር ነበሩ።

የንጉሤ ኳስ ጠለቀች። ሳበ። መዳፍ የምታህል፣ ሆዷ ብርቱካን የመሰለ፣ ጉንጯ ላይ ሰማያዊ የተቀባች ዓሣ እጁ ላይ ተንፈራገጠች። ንጉሤ ፊቱ ድረስ አነሣትና "እንዴት ዋልሽ? ቤተ ሰብ ደኅና?" አላት። ሚስተር ዊሊ ምን አልካት ቢሉት "እኛ አገር ሳይጠይቁ ማለፍ ነውር ነው" አላቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ሽማግሌውም ብሉጊል ባወጡ ቁጥር በእኛ አነጋገር "እንዴት ዋልሽ" ማለት ለመዱ። የአማርኛቸው መጀመሪያም መጨረሻም እሷ ሆነች።

ክረምት ሲገባ ሚስተር ዊሊ ሻቦ ወደሚባለው ትልቁ ሐይቅ ወሰዱን። እዚያ ያለው ትራውት ነው፣ ጎኑ ላይ ሮዝ መስመር ያለው ለስላሳ ዓሣ። ከማራቢያ በካሚዮን ተጭኖ ይመጣል፤ ቧንቧ ይዘረጋና ሐይቁ ውስጥ ይፈስሳል። ንጉሤ ይህን ሲያይ ካሴቱን እንኳ ዘጋ። "እየው አየለ፣ እነዚህ እንደ እኛው ናቸው። ከካምፕ አምጥተው የማያውቁት ቦታ አራገፏቸው" አለ። ካምፕ ያደጉ ስለሆኑ ትል አያውቁም፤ የለመዱት የተፈጨ መኖ ነው። ለእነሱ ነጭ ሽንኩርት የገባበት ቢጫ ሊጥ በጠርሙስ ይሸጣል፤ መንጠቆዋ ላይ የሽምብራ ያህል እያድቦለቦሉ ነው። ያ ነው ሣጥኑን ያገማው። አንድ ነገር ደግሞ ሚስተር ዊሊ አጥብቀው አስተማሩን፤ ትራውት አፉ ስስ ነው። ክሩን ይዘህ ወደ ላይ ብታነሣው አፉ ይቀደድና ይሄዳል። የያዘው ሰው ቀስ ብሎ ዳር ያመጣል፣ ሌላው ጎንበስ ብሎ መረቡን ከሥሩ ያስገባል። "ብቻውን የሚያጠምድ ሰው ወሬ እንጂ ዓሣ ይዞ አይገባም" ይሉ ነበር። እኔና ንጉሤ አዋጥተን መረቡን ገዛን።

እንግዲህ ካሚዮኑ የሚመላለሰው መቼ ይመስላችኋል? ልክ በሁዳዴ ጾም። ንጉሤ ዓሣ ጾም አይሽርም ባይ ነው፣ እዚያው ሐይቁ ዳር ጠብሶ ይበላል። አሰለፈች ግን ያደገችበት ቤት በሁዳዴ እንኳን ዓሣ ውኃም በሰዓት ነው የሚጠጣው። ሆስፒታል ጽዳት እየሠራች፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል በአፏ አይዞርም። እኔ ሕጉን አላውቅም፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ አላለፈም፣ ከሚስቴ ጋር እጾማለሁ። ታዲያ ማጥመዱ ደስ ይለናል፣ መብላቱ አይሆንም፤ ምን ይሻላል ሲባል ሁለታችን አንድ ብልሃት አመጣን። ለፋሲካ ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጥ። አጥበን፣ በላስቲክ ጠቅልለን፣ በየሳምንቱ እንደረድራለን። አሰለፈች አንድ ቀን ፍሪዘሩን ከፍታ "የዶሮው ቦታ የት ነው? የበጉስ?" አለች። ይገኛል አልናት። ሁለት የጎለመስን ሰዎች ስናድን ስንጠቀልል ሁዳዴው ሲጋመስ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ጾሞ የከረመ ሰው ፋሲካ ዕለት ዶሮውን ትቶ ዓሣ ይበላል ወይ ብለን አንዴ አላሰብንም።

ጠቡ ከዚያው ፍሪዘር ወጣ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሽሮ ቀርቦ ሰዉ ሲጫወት፣ ንጉሤ እንደ ልማዱ ከበውት "አሰለፈች ቤትማ ሁሉም ይጾማል፤ የገደፈው ፍሪዘሩ ብቻ ነው!" አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቄሱም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። አሰለፈች የዚያን ዕለት ሥራ ላይ ነበረች። ቀልዱ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር እየተላጠ እሷ ጋ ሲደርስ "በሁዳዴ ተደብቃ ዓሣ ትበላለች አሉ" ሆኖ ደረሰ። ማታ ስገባ ወጥ ቤት ቆማ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ የታጠበ ሳህን መልሳ ታጥባለች። "ስንት ዓመት የቆምኩበት ጾም ለአቶ ንጉሤ መሳቂያ ሆነላቸው" አለች። አቶ ንጉሤ አለች። ከዚያ ቀን በፊት "አንተ ቀበጥ" ነበር የምትለው።

ደወልኩለት። "መጥተህ ይቅርታ ጠይቃት" አልኩ።

"በቀልድ? አየለ፣ በቀልድ ይቅርታ የሚጠየቅ ከሆነ እኔ ዕድሜ ልኬን ተንበርክኬ ልኖር ነው።"

"አልቅሳለች እኮ ሰውዬ።"

"እኔ እኮ ስለ ፍሪዘሩ ነው የተናገርኩት" አለ።

"እንግዲያው አትምጣ።"

"አልመጣም!"

ስልኩን ማን ቀድሞ እንደዘጋው እንጃ፤ ሁለታችንም ፈጥነናል። ታክሲው በመስታወቴ ፊት ያልፋል፤ ክላክስ አያደርግም፣ እኔም ቀና አልልም። እኛ ዘንድ መጣላቱ ቀላል ነው። ከባዱ ማን ቀድሞ ሰላም ይበል የሚለው ነው። እሱ በድያለሁ ብሎ አያምንም፤ እኔ ደግሞ ቀድሜ ሰላም ብለው የሚስቴን እንባ ማራከስ መሰለኝ። ፋሲካ እየቀረበ ሲመጣ ግን ራሴን እጠይቅ ጀመር። ይህ ሰው የት ሊፈስክ ነው? ከልብስ ማጠቢያው በላይ፣ ያ ማሽን ከሥሩ ሲዞር፣ ብቻውን እንቁላል ሰብሮ? አንድም ሌላ ቤት የለውም። ሰላምታ ለሁሉ ይሰጣል እንጂ ማንም ጠርቶ ማዕድ አያቀርብለትም። አሰለፈችም ይህንን ታውቃለች፤ ግን አንዴ ስሙን አላነሣችም።

ሐይቁን ግን ማናችንም አልተውንም። እኔ በወዲህ፣ እሱ በወዲያ። ስንጣላ መረቡ እኔ መኪና ውስጥ ቀርቷል፣ የነጭ ሽንኩርቱ ጠርሙስ እሱ ጋ። እኔ ዳቦ ለውሼ እጥላለሁ፣ ትራውቶቹ አያዩትም። እሱ ይይዛል፣ ዳር ሲያደርሰው አፉ ይቀደድና ያመልጠዋል። ከወዲህ ማዶ ሆኜ አያለሁ። ሚስተር ዊሊ በመካከላችን ባልዲያቸው ላይ ተቀምጠው አንዴ እኔን አንዴ እሱን ያያሉ። "ሁለት ትልልቅ ሰዎች" ይላሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ሌላ አይጨምሩም።

የሕማማት ሰኞ ዕረፍቴ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስሰግድ ውዬ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተሰናብተን ስወጣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። ማጥመድም አላሰብኩም፤ ትንሽ ነፋስ ልቀበል ብዬ ሻቦ ሄድኩ። ዘንጉ መኪና ውስጥ አለ፤ እንዲያው ልማድ ሆኖ አወጣሁት። ተቀምጬ ሳለ ከኋላዬ ጠጠሩ ተንኮሻኮሸ። ንጉሤ ነው። ቆመ። እኔም አየሁት። ምንም አላለም። እኔም አላልኩም። ከዚያ ዝቅ ብሎ አጠገቤ፣ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ተቀመጠና የነጭ ሽንኩርቱን ጠርሙስ በመካከላችን አስቀመጠ።

ያኔ ገባኝ። በሕማማት ሰላምታ የለም። መጨባበጥ የለም፣ መሳሳም የለም፣ እንዴት ዋልክ መባባልም የለም። ጌታ በመሳም የተሸጠበት ሳምንት ነውና እናት ልጇን አትስምም። ታዲያ ማን ቀድሞ ሰላም ይበል የሚለው ያ ግንብ በዚያ ሳምንት የለም። ማንም አይቀድምም። ያለ ሰላምታ ኖሮ የማያውቀው ሰው፣ ከዓመቱ ሁሉ ሰላምታ የማይሰጥበትን አንድ ሳምንት ጠብቆ መጣ። ጣቴን ጠርሙሱ ውስጥ ከትቼ ቆንጥሬ ወሰድኩ። ሁለታችንም ጣልን። ውኃው ላይ ነፋስ ያልፋል። ስንት ጊዜ እንደዚያ እንደተቀመጥን እንጃ፣ ጥላችን ከፊታችን ወደ ጎናችን ዞሮ ነበር።

የእሱ ዘንግ ጎበጠ። ብድግ አለ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ያለ ዓሣ አላየንም፤ ክሩ እየጮኸ ወደ መካከል ወሰደው፣ እሱ ቀስ እያለ መለሰው፣ እንደገና ወሰደው። መኪናዬ ድረስ ሮጥኩ፤ ያ የሰገደ ጉልበት እንዴት እንደሮጠ አላውቅም። መረቡን ይዤ ተመለስኩና ውኃው ውስጥ በጫማዬ ገባሁ።

"ቀስ" አልኩ።

"ወደ ግራ" አለ።

"ቆይ... ቆይ... አሁን!"

ከሥሩ አስገባሁት። ዓሣው በአንድ ምት መረቡን ጎኑ ላይ ቀደደውና ግማሽ አካሉ ወጣ፤ ንጉሤ ዘንጉን ጥሎ እሱም ውኃው ውስጥ ገብቶ በሁለት እጁ፣ በዚያ በቆዳ ጃኬቱ አቀፈው። ዳር ወጥተን ሣሩ ላይ ወደቅን። እስከ ጉልበታችን ረጥበን እየተያየን መሳቅ ጀመርን። ንጉሤ ዓሣውን ወደ ፊቱ አነሣው፤ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ትዝ ብሎት መልሶ ዘጋው። ለዓሣውም ቢሆን ሰላምታ የለም። ከጫማው አንዱን ክር ፈትቶ የመረቡን ቀዳዳ መተብተብ ጀመረ። እየተበተበ፣ ቀና ሳይል፣ "ፍሪዘራችሁ ቦታ አለው?" አለኝ።

"እሱማ ገድፏል፤ አንድ ቢጨመር ምን ይሆናል" አልኩት። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር ፊቱን አላሳየኝም።

ዓሣውን ይዤ ገባሁ። አሰለፈች አየችው፣ አጥቤ ስጠቀልለውም አየች፣ የተበተበውን መረብም አየች። ያንን ቡናማ ክር ታውቀዋለች። ማን ያዘው አላለችም። ፍሪዘሩን ከፈተችና ዶሮዎቹን ገፋ አድርጋ ቦታ አበጀችለት።

ፋሲካ ዕለት ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ንጉሤ የቆዳ ጃኬቱ ታጥቦ ተኮማትሮ፣ ክንዱ ላይ ጠብቦት፣ ቆሟል። "እንኳን አደረሰህ!" አለና አንገቴን ጭምቅ አድርጎ ሳመኝ፣ የሳምንቱን ሁሉ ሰላምታ አጠራቅሞ ያመጣ ይመስል። ከኋላዬ አሰለፈች መጣች። ንጉሤ ለቀቀኝ፤ እጁን አጣምሮ ጎንበስ አለ። "አስሉ፣ እኔ ያ ፍሪዘር..." ብሎ ጀመረ። "ግባ አንተ ቀበጥ፣ ብርድ አስገባህብኝ" አለችው። አንተ አለችው። ያን ጊዜ ነው የተነፈስኩት።

ተቀመጥን። ዶሮው ይሸታል፣ ዳቦው ተቆርሷል። አሰለፈች ከወጥ ቤት ወጣችና ንጉሤ ፊት ለብቻው አንድ ትልቅ ሳሕን አስቀመጠች። ዱለት ነው፣ የዓሣ ዱለት፣ እንደ ኮረብታ የተቆለለ። "ሁዳዴን ሙሉ ያጠራቀምከው ነው። ይሄ ሳያልቅ ዶሮ አትነካም" አለችው። ንጉሤ ሳሕኑን አየ፣ ዶሮውን አየ፣ እሷን አየ። "አስሉ፣ ስለ ትንሣኤው!" አለ። "ብላ!" አለችው። በላ። ከትራውቱ እኛም ቀመስን፣ እውነቱን ለመናገር ከዶሮው አጠገብ ምንም አይደለም። እሱ ግን ዓይኑ ዶሮው ላይ ተተክሎ፣ እየጎረሰ፣ "ግሩም ነው፣ ግሩም ነው" ይላል፣ ሳባ ሳይቀር ትስቅበታለች። መጨረሻ ላይ አሰለፈች የዶሮውን ፈረሰኛ አንሥታ በእጇ አጎረሰችው።

ሚስተር ዊሊ ካረፉ ቆዩ። ያ የመኪና ማቆሚያ ሕንጻ ፈርሶ አፓርትማ ሆኗል፤ ከልብስ ማጠቢያው በላይ ያለችው ክፍል በምን ያህል እንደምትከራይ ሰምቼ አላመንኩም። እኛ ግን በየዓመቱ የሕማማት ሰኞ፣ ስግደቱ ሲያበቃ፣ ሰላም ሳንባባል እንቀመጣለን። መንጠቆውን ከጊዜ በኋላ ለሳምንቱ ክብር ብለን ተውነው፤ ዘንግ ይዘን የምንጥለው ባዶ ክር ነው። እኔ ሳን ሆዜ ከመጣሁ ወዲህ እዚህ ካሉት ሐይቆች አንዱ ጋ ሆነ። እሱ ከኦክላንድ እየነዳ ይመጣ ነበር።

የዘንድሮው ሰኞ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መረቡንና ሣጥኑን ይዤ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። አሰለፈች ሽምብራ ልትነክር ውኃ እያሞቀች በመስኮቱ ታየኛለች። "ዘንድሮ ይቅርብህ አየለ። በዚያ ዳሌው..." አለች።

"ስልክ ለምን አያነሣም?"

ውኃውን ከእሳት እያወረደች "እንዴት ነህ ሲሉት ምን ይበል?" አለችኝ። "ያ ሰው ዕድሜውን ሙሉ 'እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና' ነው ያለው። አሁን ደኅና አይደለም። ደኅና አይደለሁም ማለት ደግሞ አያውቅበትም።"

እሷ ያለችው ልቤ ውስጥ ቁጭ አለ። እዚያው ስጠብቅ ፀሐይዋ ከግቢው ለቀቀች። ከዚያ ሳባ ከሥራ ገባች፣ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ እንዳለ፣ ፊቷ ተለዋውጦ። "ዳዲ፣ ጋሽ ንጉሤ ውጭ ነው! ታክሲ ውስጥ ተቀምጧል። ሃይ አልኩት፣ እንዴት ነህ አልኩት፣ ዝም ብሎ አየኝ። ኢዝ ሂ ማድ አት አስ?"

ከወጥ ቤት የአሰለፈች ሳቅ ተሰማ። "አልተቆጣም የኔ ልጅ፤ ሕማማት ነው" አልኳት። በዚህ ሳምንት እንዴት ነህ የሚለው ሰው የለም። ደኅና ነኝ ማለትም አይጠበቅበትም።

መረቡን አንሥቼ ወጣሁ። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ከስቷል፣ ከዘራው በጉልበቶቹ መካከል ቆሟል። በሩን ከፈትኩ። አላየኝም። አጠገቡ ወንበሩ ላይ የነበረውን የነጭ ሽንኩርት ጠርሙስ አንሥቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠና ቦታ ለቀቀልኝ።